«ፖታሲየም ቀንሱ» ሲባል ለመክሰስ ምን ይበላል?

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ከሐኪም ዘንድ «ፖታሲየም ቀንሱ» ተብለው ይወጣሉ፤ ይሁን እንጂ በምግብ ውስጥ ያለው ይህ ማዕድን እንደ ጨው በምላስ ስለማይለይ፣ ለጤና ይበጃል ተብሎ የተመረጠው መክሰስ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ፒያሳ ካሉት ጭማቂ ቤቶች በአንዱ የሚቀርበውን የአቮካዶ ጭማቂ እንመልከት፦ አንድ ሙሉ አቮካዶ ከ600 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም ሊይዝ ይችላል፤ አንድ መካከለኛ ፖም ግን 200 ገደማ ብቻ ይይዛል።

ገደቡ ሁሉንም ታማሚ አይመለከትም። በደም ምርመራ ፖታሲየሙ ከፍ ያለበት ወይም ከፍ እንዳይል የሚያሰጋው ሰው እንዲቀንስ ይመከራል፤ ሌላው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፍራፍሬን እርግፍ አድርጎ መተው የለበትም። ከቡና ጋር የሚቀርበው ፈንዲሻ ጨው ካልተነሰነሰበት በልክ ሲበላ ለብዙዎች ይስማማል፤ ለውዝና ሽምብራ የበዛበት ቆሎ ግን በእፍኝ መወሰን አለበት።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ሶዲየም የተቀነሰበት» ተብሎ የሚሸጠው ጨው ነው፤ ምክንያቱም በሶዲየሙ ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ፖታሲየም ክሎራይድ በመሆኑ፣ ደካማ ኩላሊት ሊያስወግደው ሳይችል ቀርቶ የልብን ምት እስከማዛባት ሊደርስ ይችላል።