ወርቃማዋ ደቂቃ ምንድን ናት?

ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ ከእናቱ ከወጣበት ቅጽበት አንስቶ የሚቆጠሩት 60 ሰከንዶች በማዋለጃ ክፍል ወርቃማዋ ደቂቃ ይባላሉ። ደቂቃዋ ሳታልቅ ሕፃኑ ወይ በራሱ መተንፈስ መጀመር አለበት፣ ወይ አዋላጇ በአምቡ ባግ (በእጅ ሲጫኑት አየር የሚገፋ ከረጢት) እና በማስክ አየር እየሰጠችው መሆን አለባት። ሦስተኛ አማራጭ የለም። ስያሜውን በየአገሩ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መሪነት የተጀመረውና «ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት» የተሰኘው ስልጠና ነው፤ በኢትዮጵያም ብዙ አዋላጅ ነርሶች ሰልጥነውበታል።

ጉዳዩ ለአገራችን ቅርብ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ 33 ሆኖ ተገኘ። በእነዚያው ዓመታት ግን በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከ26 በመቶ ወደ 48 በመቶ አድገዋል። እናቲቱ ሆስፒታል መድረሷ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕፃኑን የሚያተርፈው ግን አልጋው አጠገብ የሚደረገው ነገር ነው። ከጨቅላ ሕፃናት ሞት ዋና ዋና መንስኤዎች መካከል ያለጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን አሉ፤ ሦስተኛው በወሊድ ጊዜ መታፈን ነው፣ ወርቃማዋ ደቂቃም የምትዋጋው ይህን ነው።

ሕፃኑ በማህፀን ሳለ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ሳንባው አየር ሳይሆን ፈሳሽ ይዟል። እንደተወለደ የመጀመሪያዎቹ ትንፋሾች ፈሳሹን ከአየር ከረጢቶቹ ገፍተው ያወጣሉ፤ አየሩ ሲገባ የሳንባው ደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ልብም ደሙን ወደዚያ መላክ ይጀምራል። አየር ካልገባ ከዚህ ውስጥ አንዱም አይሆንም።

ኦክስጅን ያጠረው ሕፃን መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ለመተንፈስ ይታገልና ያቆማል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሕፃን ጀርባውን ሲያሹት ይነቃል። እጥረቱ ከቀጠለ ግን ለተወሰነ ጊዜ ያጣጥርና እንደገና ያቆማል፤ ይሄ ሁለተኛው ማቆም ነው። ከዚህ በኋላ የቱንም ያህል ቢታሽ አይተነፍስም፤ የልብ ምቱ ይወርዳል፣ የደም ግፊቱም ይከተላል። ሊመልሰው የሚችለው ሳንባው ውስጥ የሚገባ አየር ብቻ ነው። ችግሩ፣ መታፈኑ ገና ማህፀን ውስጥ ተጀምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ አዋላጇ ፊት ያለው ሕፃን በመጀመሪያው ይሁን በሁለተኛው ደረጃ ላይ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ጥቂት ታሽቶ ያልተነፈሰ ሕፃን ሁለተኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ አየር ይሰጠዋል። «ትንሽ እንጠብቀው» የሚለው ቃል አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። በታንዛኒያ ሃይዶም ሆስፒታል በተደረገ ጥናት፣ በማስክ አየር መስጠት በ30 ሰከንድ በዘገየ ቁጥር ሕፃኑ የመሞት ወይም ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የመታከም አደጋው በ16 በመቶ ይጨምር ነበር።

ጊዜያቸው ደርሶ ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 85ቱ ያህል ያለ ማንም እርዳታ ይተነፍሳሉ። ሌሎች 10 ያህሉ ሲደረቁና ሲታሹ ይነቃሉ። 5 ያህሉ አምቡ ባግ ያስፈልጋቸዋል። የደረት ግፊት (ልብ ደም እንዲረጭ ደረትን በጣት መጫን) እና አድሬናሊን (ልብን የሚያነቃቃ መድኃኒት) እስከሚያስፈልግ የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከ1,000 አንድ አካባቢ። የትኛው ሕፃን ከአምስቱ አንዱ እንደሚሆን ቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ዝግጅቱ ለእያንዳንዱ ወሊድ ነው፤ እርግዝናው ጤናማ ለነበረችው፣ ምጧም ያለ ችግር ለሄደላት እናትም ጭምር።

ደቂቃዋ የምትተርፈው ወይም የምትባክነው ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የክፍሉ ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ መስኮትና በር ይዘጋ፣ ማራገቢያ ካለ ይጥፋ። ሁለት ደረቅና ንጹሕ ጨርቅ (አንዱ ለማድረቅ፣ አንዱ ለመሸፈን)፣ ኮፍያ፣ የእትብት ማሰሪያና መቀስ፣ የአፍ መምጠጫ፣ አምቡ ባግ፣ ጊዜው ለደረሰ ሕፃን 1 ቁጥር እና ያለጊዜው ለሚወለድ 0 ቁጥር ማስክ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት። አየር የሚሰጥበት ጠረጴዛ ከእናቲቱ አልጋ በእጅ ርቀት ይሁን። ሌላ ክፍል ያለ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈበት አምቡ ባግ እንደሌለ ይቆጠራል። የምትረዳ ሁለተኛ ባለሙያም ማን እንደሆነች ቀድማ ትታወቅ።

ባጉን መፈተሽ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ማስኩን መዳፍዎ ላይ አጥብቀው ይግጠሙና ባጉን ይጫኑ፤ ግፊት ሊሰማዎት፣ ጠንከር አድርገው ሲጫኑትም የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ አየር ሲያወጣ ሊሰማ ይገባል። ሲለቁት ባጉ ወዲያው ተመልሶ መሙላት አለበት። ካልሆነ ወይ ባጉ ተቀዷል፣ ወይ ቫልቩ ከታጠበ በኋላ ተገልብጦ ተገጥሟል፣ ወይ ጭራሽ ሳይገጠም ቀርቷል። በዚህ የመጨረሻው ሁኔታ ባለሙያዋ በትጋት ትጫናለች፣ ሕፃኑ ጋ ግን ምንም አየር አይደርስም። ይህ በእጥበት ክፍል የሚፈጠር፣ በማዋለጃ ክፍል የሚገድል ስህተት ነው።

ሕፃኑ ሲወለድ ሰዓቱ ይያዛል። እናቱ ሆድ ላይ ተደርጎ ራሱ፣ ጀርባው፣ እጅና እግሩ በደንብ ይደርቃል፤ ማድረቁ ራሱ ማነቃቂያ ነው፣ ዓይን ደግሞ ደረቱ ላይ ይቆያል። ካለቀሰ ወይም ደህና ከተነፈሰ እርጥቡ ጨርቅ ይነሳል፣ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ይሆናል፣ ከላይ በደረቅ ጨርቅ ይሸፈናል፤ እትብቱም ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይቆያል። አፍ መምጠጥ አያስፈልገውም። ይህን አስረግጠን የምንናገረው በብዙ ቦታ የሚያለቅስ ሕፃን ሁሉ አፉ ስለሚመጠጥ ነው። ቱቦው ጉሮሮውን ሲነካ የልብ ምቱ ሊወርድና ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ ጤነኛውን ልጅ ማሳመም ነው።

ካልተነፈሰ ወይም የሚያጣጥር ከሆነ ጭንቅላቱ ይስተካከላል፤ አንገቱ ወደ ደረቱም ሳይታጠፍ፣ ወደ ኋላም ሳይለጠጥ አፍንጫው በመጠኑ ቀና ይላል። አፉ ውስጥ የሚታይ ንፍጥ፣ ደም ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ካለ ብቻ ይጠረጋል ወይም ይመጠጣል፤ መጀመሪያ አፉ፣ ቀጥሎ አፍንጫው፣ ቱቦውም አፉ ውስጥ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ አይገባም። ከዚያ ጀርባው ሁለት ሦስት ጊዜ ይታሻል። በቃ። እግሩን ይዞ ቁልቁል መስቀል፣ መቀመጫውን በጥፊ መምታት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም፣ ሰከንድም ይበላሉ። አሁንም ካልተነፈሰ እትብቱ ታስሮ ይቆረጥና ወደ ጠረጴዛው ይወሰዳል።

ሥራው ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ በዝርዝር እንየው። ባለሙያዋ በሕፃኑ ራስጌ ትቆማለች። ማስኩ መጀመሪያ አገጩ ጫፍ ላይ ያርፍና አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል፤ ዓይኑን አይነካም፣ ከአገጩም አያልፍም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ማስኩን ከላይ ይይዛሉ፤ የቀሩት ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት ወደ ማስኩ ይስባሉ። ጣቶቹ አጥንቱን ስተው ለስላሳውን የአገጭ ሥር ከተጫኑ ምላሱ ወደ ኋላ ሄዶ ጉሮሮውን ይዘጋል። ሌላው እጅ ባጉን ይጫናል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ነው። «አየር፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ፣ «አየር» ሲሉ መጫን፣ «ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ መልቀቅ ፍጥነቱን ይጠብቃል።

ምን ያህል ይጫን? 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገው አየር ከ12 እስከ 18 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ባጉ ግን ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ይይዛል። ስለዚህ በሙሉ መዳፍ መጭመቅ ሳንባውን ሊቀድ ይችላል፤ በተለይ ያለጊዜው የተወለደውን። መለኪያው የሕፃኑ ደረት ነው፤ በእርጋታ እንደሚተነፍስ ሕፃን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ሲል በቂ ነው።

ደረቱ ካልተንቀሳቀሰ የተሰጠው ሁሉ ከንቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በማስኩ ጠርዝ የሚያመልጥ አየር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማስኩ ዳግም ይገጠማል። ቀጥሎ የጭንቅላቱ አቀማመጥ ይታያል፤ ትከሻው ሥር የታጠፈ ጨርቅ ማድረግ ይረዳል። ከዚያ አፉ ውስጥ የዘጋው ነገር መኖሩ ይታይና ይጠረጋል፣ አፉ በትንሹ ከፈት ይደረጋል፣ በመጨረሻም ባጉ ጠንከር ተደርጎ ይጫናል። ይህ ሁሉ ሳይሞከር ወደ ደረት ግፊት ወይም ወደ መድኃኒት መሄድ ትክክል አይደለም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ልብ የሚደክመው ሁሌ ለማለት ይቻላል በአየር እጦት ነውና።

ኦክስጅን ፍለጋ መሮጥ ሌላው ጊዜ አባካኝ ነው። ጊዜው የደረሰ ሕፃን የሚጀመርለት በክፍሉ አየር ነው፤ ባጉም ያለ መብራትና ያለ ሲሊንደር ይሠራል። ጨርሶ የማይተነፍስ ሕፃን አፍንጫ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ አይጠቅመውም፤ ኦክስጅኑን ወደ ሳንባው የሚያስገባለት የለምና። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁኔታ የሚመዘንበትን አፕጋር ስኮርንም አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሐኪሟ ቨርጂኒያ አፕጋር ያቀረቡት ይህ ነጥብ የሚሰጠው በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ነው፤ የመጀመሪያው ነጥብ ሲመዘገብ ወርቃማዋ ደቂቃ አልቃለች።

አንድ ደቂቃ ያህል ደረቱ እየተነሳ አየር ከተሰጠው በኋላ የልብ ምት ይቆጠራል፤ በስቴቶስኮፕ ወይም እትብቱን ሆዱ ሥር በጣት ይዞ። በ6 ሰከንድ የተቆጠረው በ10 ይባዛል። ከ100 በላይ ሆኖ በራሱ መተንፈስ ከጀመረ ባጉ ቀስ በቀስ ይቆማል። ከ100 በታች ከሆነ አየር መስጠቱ ይቀጥላል። ደረቱ እየተነሳም ከ60 በታች ከቆየ፣ ሁለት የሰለጠኑ ባለሙያዎች ካሉ 3 የደረት ግፊትና 1 ትንፋሽ እየተፈራረቁ ይሰጣሉ፤ በደቂቃ 90 ግፊትና 30 ትንፋሽ ይሆናል። ብቻዋን ያለች አዋላጅ ባጉን አትልቀቅ።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ በቂ አየር እየተሰጠው 10 ደቂቃ ሙሉ ምንም የልብ ምት ያልተገኘበት ሕፃን ላይ ሙከራው ይቁም ይላል። የልብ ምቱ ከ60 በታች ሆኖ በራሱም ሳይተነፍስ 20 ደቂቃ ከሞላውም እንዲሁ። ከዚያ በፊት «ሞቶ ነው የተወለደው» ለማለት አይቸኮል። ቆዳው የተገሸለጠና የበሰበሰ ምልክት ያለበት ቀደም ብሎ ማህፀን ውስጥ የሞተ ነው፤ ቆዳው ደህና የሆነ፣ ግን የማይተነፍስና የዛለ ሕፃን ግን ልቡ እየመታ ሊሆን ይችላል። በታንዛኒያ በስምንት ሆስፒታሎች ስልጠናው ሲሰጥ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ሕፃናት በ47 በመቶ፣ በወሊድ ሰዓት «ሞተው ተወለዱ» የሚባሉት ደግሞ በ24 በመቶ ቀንሰዋል። ከእነዚህ የተወሰኑት ቀድሞም በሕይወት የነበሩ ናቸው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

ተርፎ እናቱ እቅፍ የገባ ሕፃንም ብቻውን አይተው። ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ይሁን፤ ከመጠን በላይ ማሞቅ የተጎዳ አንጎልን ይብስ ይጎዳል። በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ የሚያቃስት፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ጡት የማይጠባ ከሆነ የደም ስኳሩ ይለካና ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ይላካል። ለእናቲቱም ምን እንደተደረገና ምን እንደሚጠበቅ በግልጽ ይነገራት፤ ልጇ ከዓይኗ ተወስዶ ክፍሉ ጥግ ላይ ሰዎች ተሰብስበውበት አይታለች።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ስልጠና ማስጨበጥ ይቻላል፤ በእጅ እንዲቆይ ማድረግ ግን አይቻልም። በዚያው በሃይዶም የአንድ ቀን ስልጠና ሠራተኞቹ በአሻንጉሊት ላይ የሚያሳዩትን ብቃት ከፍ ቢያደርገውም፣ በእውነተኛው ወሊድ ላይ ያለው አሠራር አልተለወጠም ነበር። ውጤቱ የመጣው እዚያው ሥራ ቦታ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚሆን አጭር ልምምድ ሲታከልበት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ አሻንጉሊት፣ አንድ ባግና ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ያለ ጠረጴዛ ነው። ተረኛ ስትገባ ባጉን እንደምትፈትሽ ሁሉ ማስኩን ገጥማ፣ ደረቱ እስኪነሳ አሥር ጊዜ ጫን ለቀቅ ብታደርግ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሳይተነፍስ የተወለደውን ሕፃን ስታገኝ ጣቶቿ የት እንደሚያርፉ አይጠፋቸውም።