«ሆድ ይፍጀው» ስንል ሆድ ምኑን ነው የሚፈጀው?

ባለፈው ሰሞን ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አንዲት ወጣት የቤቱን እመቤት «እትዬ፣ ቤሩት ያለችው ልጅዎ ደወለች?» ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ ከረከቦቱ ቀና ሳይሉ «ተይኝ ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው» አሉ። ማንም ደግሞ አልጠየቀም። ልጅቷ ደንግጣ መሰለኝ ሲኒዋን ሳታበርድ ፉት አለችና «ውይ፣ ፈጀኝ!» አለች።

እኔ ደግሞ የቃል ነገር ካገኘሁ አልለቅም። ሁለት «ፈጀ» በአንድ ረከቦት ዙሪያ!

ፈጀ ማለት አቃጠለ፣ ጨረሰ ነው። ትኩስ ቡና ይፈጃል። ሚጥሚጣ ይፈጃል። ወረፋ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እሳት ማገዶውን ይፈጃል። «ሆድ ይፍጀው» ሲባል እንግዲህ ነገሩ ማገዶ፣ ሆድ ምድጃ ሆነ ማለት ነው። በአፍ ከሚወጣ እዚያው ነዶ አመድ ይሁን ነው ነገሩ። ትምህርት ቤት ተለዋጭ ዘይቤ ያሉን ይኼንን ነው። «ሆዴ እንደ ምድጃ ነደደ» ብንል ተነጻጻሪ ዘይቤ ይሆን ነበር። «እንደ»ን ስንጥላት ሆድ ራሱ ምድጃ ሆኖ አረፈው። ያኔ ምሳሌው ሁሌ «እሱ አንበሳ ነው» ስለነበር ዘይቤ የጀግናና የግጥም ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሆዳችን ውስጥ ነው ያለው።

ሆድን እስቲ እዩት። ቅር ሲለን ሆድ ይብሰናል። ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ቡቡ፣ ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው። የተኳረፉ ሰዎች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። ልብ ግን ብዙውን ጊዜ የሐሳብ ቤት ነው፤ «ልብ በል» ማለት አስተውል ነው፣ ከሐሳብ የተወለደ ታሪክም ልብ ወለድ ይባላል። ፍቅር ብቻ ሁለቱንም ያዳርሳል፦ ልባችንን የወሰደውን ሰው «ሆዴ» ብለን እንጠራዋለን።

«ሆድ ካገር ይሰፋል» የሚል ተረትም አለ። እዚያ ሆድ ሁሉን የሚችል ጎተራ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ላይ ግን እሳት አለበት። ስለዚህ ይመስለኛል ዝምታ የማይሆነው። «ምንም የለም» ያለ ሰው ነገሩን ደብቋል። «ሆድ ይፍጀው» ያለ ሰው ግን እሳቱን ደብቆ ጭሱን አሳይቷል። ጨዋ ጠያቂ እዚህ ላይ ያቆማል። ሌላ ሰው ባለጉዳዩን «ቻለው» ሊለው ይችላል፤ «ሆድ ይፍጀው»ን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ባለጉዳዩ ራሱ ነው።

አሁን አሁን ለቀልድም ሆኗል። የጤፍ ዋጋ ሲጠየቅ፣ የሚደግፉት ቡድን ሲሸነፍ፣ «ሆድ ይፍጀው ባክህ!» ነው።

እትዬ ለልጅቷ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጧት። ቡናው በረካ ደረሰ። ልጃቸው ትደውል አትደውል ግን አልሰማንም።