ሥዕል ሁሉ በራሱ አይናገርም፦ ስለ ምልክትና ትርጉም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ምልክት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የመንገድ ዳር ሰሌዳ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል። ቃል ምልክት ነው። የልብስ ቀለም፣ ራስ መነቅነቅ፣ በስልክ የምንልካት ትንሽ ፊት፣ ሁሉም ምልክት ናቸው። ስለ እነሱ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች ሰውን ከሰው ስለሚያጋጩ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቃል ማለት ለነገሮች የተለጠፈ ስም ነው»

ይህ አባባል ነገሮች አስቀድመው ተለይተው የተቀመጡ፣ ቋንቋም ስም ብቻ የሚያወጣላቸው ያስመስላል። ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶስዩር ይህን አልተቀበለም። በ1913 ከሞተ በኋላ፣ በ1916 በታተመው ትምህርቱ፣ የቃሉን ድምፅ ከሐሳቡ ጋር ያሰረው የሰዎች ስምምነት እንጂ ተፈጥሮ እንዳልሆነ ያስረዳል። ቃል ትርጉም የሚኖረውም ከሌሎች ቃላት በመለየቱ ነው። ሩሲያኛ ፈካ ያለውን ሰማያዊና ጠቆር ያለውን ሰማያዊ በሁለት መሠረታዊ ቃላት ይለያቸዋል። ቀለሙ ያው ነው፤ ድንበሩን ያሰመረው ቋንቋው ነው።

«ሥዕል ግን ለማንም ግልጽ ነው»

በጣም የተስፋፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። አደጋም አለው።

የጨረራ አደጋን የሚያመለክተውን ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት እንውሰድ። የተሠራው በ1946 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ነው። ትርጉሙን ላልተማረ ሰው ግን ቅርጹ ብቻውን «ሽሽ» አይልም። ማራገቢያ ቢመስለው አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2007 ተጨማሪ ምልክት ያወጣው። አዲሱ ላይ የጨረራ ሞገድ፣ የራስ ቅልና እየሮጠ የሚያመልጥ ሰው አሉበት። ከመውጣቱ በፊት በ11 አገሮች ሰዎች ምን እንደሚረዱት ተጠይቀዋል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ መገመት ሳይሆን መጠየቅ።

በ1972 ወደ ጠፈር የተላከችው ፓዮኒር 10 ሌላ ምሳሌ ናት። ምናልባት ሌላ ፍጡር ቢያገኛት ተብሎ ሥዕል የተቀረጸበት ሰሌዳ ተለጠፈባት። የመንኮራኩሯ መንገድ የተመለከተው በቀስት ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ኧርንስት ጎምብሪች ወዲያው ተቃወመ። ቀስት አቅጣጫን የሚያሳየን በቀስት ያደኑ ሰዎች ልጆች ስለሆንን ነው እንጂ፣ መስመሩ ራሱ የትም አያመለክትም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ፐርስ እዚህ ላይ ይረዳናል። አንዳንዱ ምልክት ነገሩን ይመስላል፤ እንደ ፎቶ። አንዳንዱ ከነገሩ ጋር ይያያዛል፤ እንደ ጭስና እሳት። ሌላው በስምምነት ይቆማል፤ እንደ ቃል። በዕለት ኑሮ የምናገኛቸው አብዛኞቹ ቅልቅል ናቸው።

«መስማት የተሳናቸው ሰዎች የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። አሜሪካና ብሪታንያ የሚናገሩት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ የምልክት ቋንቋዎቻቸው አይግባቡም። የአሜሪካው የሚቀርበው ለፈረንሳዩ ነው።

«ትርጉሙ ጸሐፊው ያሰበው ብቻ ነው»

ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት በ1967 ትርጉም የሚሞላው አንባቢው ዘንድ ነው ብሎ ብዙዎችን አስቆጣ። በየቀኑ ግን እናየዋለን። ትናንት «እሺ የኔ ቆንጆ» ሲል የነበረ ሰው ዛሬ «እሺ» ብቻ ብሎ ቢጽፍ ልባችን ይደነግጣል። ላኪው ምናልባት ቸኩሎ ነው። ያልተጻፉት ሁለት ቃላት ግን ተነብበዋል።

ታዲያ ሁሉም እንደፈለገው ይተርጉም ማለት ነው? በፍጹም። ጣሊያናዊው ደራሲና የምልክት ጥናት ምሁር ኡምቤርቶ ኤኮ ለአንባቢ ነፃነት ብዙ ተከራክሯል፤ ገደቡንም ያሰመረው እሱ ነው። አንድ ንባብ ጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሌሎች ክፍሎች ጋር ከተጣላ፣ የወደቀው ንባቡ ነው። ከአንድ ንግግር ሁለት ሰከንድ ቆርጦ «ይኸው፣ እንዲህ ብሏል» ማለትም ማጭበርበር እንጂ ትርጓሜ ሊባል አይገባም።

«የምልክት ትርጉም አንዴ ከተወሰነ አይለወጥም»

ስዋስቲካ በሕንድ ለሺህ ዓመታት የመልካም ዕድል ምልክት ነበር፤ አሁንም ነው። ናዚዎች በ1920 የፓርቲያቸው አርማ ካደረጉት ወዲህ ግን በአውሮፓ የጅምላ ግድያን ያስታውሳል። ለውጡ ታቅዶ የሚመጣበት ጊዜም አለ። በ2016 አፕል የሽጉጥ ኢሞጂውን የውሃ መርጫ አሻንጉሊት አደረገው። ሌሎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች የተከተሉት በ2018 ገደማ ነው። በመሃሉ በነበረው ጊዜ አንዱ በጨዋታ የላከው አሻንጉሊት፣ በሌላው ስልክ ላይ እውነተኛ መሣሪያ ሆኖ ይታይ ነበር።