«12 ቮልት አለው» ማለት ሽቦው ደህና ነው ማለት አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ በየሳምንቱ የምሰማት አንዲት ነገር አለች። «በቴስተር አይቼዋለሁ፣ 12 ቮልት አለው። ሽቦው ደህና ነው።» እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ባትሪ ቀይሯል፣ አምፖል ቀይሯል፣ ዲናሞውንም አስፈትቷል። መብራቱ ግን እንደደከመ ነው። ሰለቸኝ፣ እውነቴን ነው።

ቴስተር ቮልት ሲለካ ከሽቦው የሚወስደው ከረንት ከምንም አይቆጠርም። ሽቦው ውስጥ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ 12 ይላችኋል። በአንድ ክር የቀረች ገመድም ምንም ካልታሰረባት ደህና ገመድ ትመስላለች። በሬ እሰሩባትና እዩ። በሬው እዚህ ላይ አምፖሉ ነው፤ አንድ ባለ 55 ዋት የፊት መብራት ከ4 አምፔር በላይ ይስባል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ ዘጌ የሚመላለሱበትን አሮጌ ሃይሉክስ ይዘው መጡ። የግራው መብራት እንደ ኩራዝ ነው። ሶኬቱን ነቅዬ ለካሁ፤ 12.4። «አላልኩህም?» አሉኝ። አምፖሉን መልሼ ሰካሁና እየበራ ከሶኬቱ ጀርባ ለካሁ፤ 9.5። ወደ 3 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሽቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ስሄድ ራዲያተሩ አጠገብ በፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ አገኘሁ። ይሞቃል። ስፈታው ሙጫው ቀልጦ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ሁለት ሽቦ ተጠማዝዞ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። 3 ቮልት በ4 አምፔር ሲባዛ 12 ዋት ነው። ያ ሁሉ መንገዱን ማብራት ሲገባው ፕላስተር ሲያሞቅ ከርሟል። ጋሼ ግን ለአንድ ባትሪና ለሁለት አምፖል ከፍለዋል። በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ እንዲህ ለኩ። መብራቱን አብሩት። አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። የሚያሳያችሁ ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሽቦው፣ ሶኬቱ ወይም ማብሪያው ጋ ችግር አለ። ማሳውንም፣ ማለትም ከረንቱ ከአምፖሉ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ እንደዚሁ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ አምፖሉ ማሳ ለኩ፤ ከ0.2 በላይ ካሳየ ብሎኑን ፍቱ፣ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጽዱ። መኪና ላይ «ሽቦ ተቃጠለ» ከሚባለው ስንቱ የማሳ ብሎን እንደሆነ ብታውቁ!

ሌላም የምሰማው አለ። «በፕላስተር ከታሸገ ውሃ አይገባውም።» ይገባዋል። የሞተር ሙቀት ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ የክረምቱ እርጥበት ይገባል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ፕላስተሩ እንዳይወጣ ይዞ ያስቀምጠዋል።

«የጣና ውሃ ጨው የለውም፣ መዳብ አያበላሽም።» እንደ ባሕር ውሃ አይፍጠን እንጂ ያበላሻል።

«በሊድ ከተበየደ አይበጠስም።» ሊዱ ሽቦው ውስጥ ሰርጎ ያደርቀዋል። በጠጠር መንገድ ሲንቀጠቀጥ ሊዱ ካለቀበት ጫፍ ላይ ይሰበራል። እኔ የምመርጠው በትክክለኛው ፒንሳ የተጨመቀ መገጣጠሚያ ነው፣ በላዩ በሙቀት የሚኮማተር ውስጡ ሙጫ ያለው ቱቦ። ከዚያ በፊት ግን ጥቁሩንና አረንጓዴውን መዳብ ቁረጡት። ዝገቱ በላስቲኩ ውስጥ ስለሚሄድ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታገኙ ወደ ኋላ ቁረጡ፤ ያጠረውን በዚያው ውፍረት ባለ ሽቦ ቀጥሉ። ሁለት ሦስት ሽቦ ከሆነ መገጣጠሚያዎቹን አንድ ቦታ አትደርድሯቸው፣ አበላልጧቸው።

«ፊውዙ አስቸገረ፣ ከፍ ያለ አድርግበት።» ይሄ ያስቆጣኛል። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በቀዩ፣ በ10 አምፔሩ ቦታ አረንጓዴውን 30 ካስገባችሁ፣ ሾርት ሲኖር ፊውዙ ቁጭ ብሎ ሽቦው ይቀልጣል። የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት የተጠቀለለበት ፊውዝም በእጄ ነቅያለሁ። ከሾፌሩ ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር የላስቲክ ሽታ እየመጣ ሕፃናት የተጫኑበት መኪና ነበር። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሽቦው ቦዲ እየነካ ነው። እሱን ፈልጉ።

«መኪናው አርጅቷል፣ ሙሉ ኢንስታሌሽኑ ይቀየር።» መኪናው ተቃጥሎ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ሽቦ በየቦታው እኩል አያረጅም። የሚጎዳው ሞተሩ የሚያሞቀው ጋ፣ ብረት የሚፈትገው ጋ፣ አይጥ የገባችበት ጋ እና በር ማጠፊያው ጋ ነው። የሾፌሩ በር በቀን ስንት ጊዜ ይከፈታል? መስኮቱ ወይም የበሩ ስፒከር አንዴ እየሠራ አንዴ እምቢ ካለ የመስኮቱን ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና በበሩና በቦዲው መሃል ያለውን ጥቁር ጎማ ገፋ አድርጋችሁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጓቸው። የተበጠሰው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል።