ፕላሲቦ ምንድን ነው?

መጋቢት 2013፣ የኮሮና ክትባት አገራችን በገባ ሰሞን፣ ደሴ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቶናው እየተቀዳ ነው። አንዱ ጎረቤት "ሲሞክሩት ግማሹን ሰው ውኃ ነው አሉ የወጉት" አለ። አክስቴ ጀበናዋን እንደያዘች ቀና አለች። "ውኃ ወግቶ ክትባት ነው ማለትማ ወላሂ ሌብነት ነው!"

ጎረቤቱ አልዋሸም። ውኃው ፕላሲቦ ይባላል። መድኃኒት መስሎ የሚሰጥ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ነገር ነው። በክትባት ሙከራ ብዙ ጊዜ ንጹሕ የጨው ውኃ ነው። ለማን ምን እንደሚደርስ በእጣ ይወሰናል። ተወጊውም፣ ታመመ አልታመመም ብሎ የሚመረምረውም አያውቁም።

ለምን? ተከትቦ ያልታመመን ሰው ክትባቱ ነው ያዳነው? ወይስ ድሮም አይዘውም ነበር? ወይስ ወረርሽኙ ራሱ በርዶ ነው? እሱን ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ፋይዘርና ባዮንቴክ ከ43 ሺህ በላይ ሰው መዝግበው ነበር፤ ግማሹ ለክትባቱ፣ ግማሹ ለውኃው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 ሲቆጠር 170 ሰው ታሟል። 162ቱ ከውኃው ወገን፣ 8ቱ ከክትባቱ። ያቺ 8 ከ162 አጠገብ ካልተቀመጠች ምንም አትናገርም።

በነገራችን ላይ የአስትራዜኔካው ክትባት እንግሊዝ አገር ሲሞከር በውኃው ፈንታ የማጅራት ገትር ክትባት ነው የተሰጠው። ክትባት ክንድ ያሳምማል፣ ውኃ እምብዛም። ክንዱን ያላመመው ሰው "የኔስ ውኃ ነው" ብሎ ይነቃል፤ ከነቃ ደግሞ አኗኗሩን ይለውጣል።

ሌብነቱስ? "ውኃም ሊደርስህ ይችላል፣ የትኛው እንደደረሰህ አንነግርህም፣ ስትፈልግ ትወጣለህ" ተብሎ በቋንቋው ተነግሮት፣ ገብቶት ከፈረመ ማታለል የለም። "ገብቶት" የምትለዋ ናት ከባዷ። ወረቀት ማስፈረምማ ማን ያቅተዋል።

"አብሽሪ፣ አስቀድመው ይነግራሉ" አልኳት።

"እሺ፣ ውኃ የደረሰው ቢሞትስ?"

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሙከራው ሲጀመር ክትባቱ ያድን ይጉዳ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ስለዚህ ውኃ የደረሰው ተበደለ አይባልም። መሥራቱ የታወቀ ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 የፋይዘሩ ክትባት ሲፈቀድ አንዳንድ ሳይንቲስቶች "የውኃው ወገን እንዳለ ይቆይ፣ ክትባቱ ስንት ወር እንደሚከላከል እንወቅበት" አሉ። እውነት አላቸው፤ ያ ማነጻጸሪያ አንዴ ከጠፋ አይገኝም። ግን በፈቃዱ ክንዱን የሰጠን ሰው፣ መድኃኒቱ እጅ ላይ እያለ፣ "ስትታመም እንይህ" ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ኋላ ለውኃው ወገን ክትባቱ ቀረበለት፤ ብዙዎቹም ተከተቡ።

ውኃ የሌለበት መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጊኒ ውስጥ የኢቦላ ክትባት ሲሞከር ማንም ውኃ አልተወጋም። አንድ ሰው ሲታመም ከእሱ ጋር ንክኪ ያላቸው ሰዎችና የእነሱም ንክኪዎች አንድ ላይ ይመዘገባሉ። ከዚያ በእጣ፣ አንዱ ስብስብ ወዲያው፣ ሌላው ከ21 ቀን በኋላ ይከተባል። የታየው በመሀሉ ማን ታመመ የሚለው ነው። ክትባቱ መሥራቱ ሲታይ መጠበቁም ቀረ።

ይህን ስነግራት በረካው ላይ ደርሰናል። አክስቴ ስኒውን አቀበለችኝና "ይሄስ ደግ ነው" አለች። ትንሽ ቆየችና፣ "ግን ልጄ፣ ኢቦላ ደጃፍህ ቆሞ 21 ቀን ይጠበቃል?"