አብረው ሟሙ ማለት ተዋሃዱ ማለት አይደለም

ሁለት ፖሊመሮችን (እንደ ፕላስቲክ ያሉ፣ ሞለኪውላቸው ረጅም ሰንሰለት የሆነ ቁሶችን) በአንድ ማሟሚያ አሟሙና በፍጥነት በሚሽከረከር መስታወት ላይ ጠብ አድርጉ። ማሟሚያው በሰከንዶች ውስጥ ይተናል፤ 100 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ ሽፋን ይቀራል። ስለዚህ ሽፋን የሚባለው ግን ሁሉም ልክ አይደለም።

“ፈሳሹ ጥርት ካለ ሽፋኑም ወጥ ይሆናል።”
አይሆንም። ፖሊስታይሪንና ፒኤምኤምኤ የሚባሉት ፕላስቲኮች ሁለቱም ቶሉዊን በሚባል ማሟሚያ ይሟሟሉ፤ ፈሳሹ ቀጭን እስከሆነ ድረስም ይቻቻላሉ። ቶሉዊኑ ሲተን ይለያያሉ። ጣጣው የሰንሰለታቸው ርዝመት ነው። ትንንሽ ሞለኪውሎች ሲደባለቁ ሊደራጁ የሚችሉባቸው መንገዶች እጅግ ይበዛሉ፤ ይህም ውህደትን ያግዛል። ብዙ ሺህ ቁራጮች በአንድ ሰንሰለት ሲታሰሩ ያ ነጻነት ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ለመለያየት ትንሽ አለመስማማት ይበቃቸዋል።

“እንግዲያው ፖሊመሮች በጭራሽ አይዋሃዱም።”
የሚዋሃዱም አሉ። ፖሊስታይሪንና ፖሊቪኒል ሜቲል ኢተር ይዋሃዳሉ። የሚገርመው፣ የሚለያዩት ሲሞቁ ነው!

“ገጹ ላይ ያሉት ጉብታዎች የአሠራር ጉድለት ናቸው።”
ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው። ቶሉዊን ይበልጥ የሚስማማው ከፖሊስታይሪን ጋር ነው። ስለዚህ ፒኤምኤምኤው ቀድሞ ይደርቃል፤ ፖሊስታይሪኑ ግን ማሟሚያውን ይዞ እንዳበጠ ይቆያል። በመጨረሻ እሱም ሲደርቅ ይሟሽሽና ዝቅ ይላል፤ ፒኤምኤምኤው እንደ ደሴት ጎልቶ ይቀራል። ማሟሚያውን ቀይሩ፣ መልኩም ይቀየራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየትም ይቻላል፦ ሳይክሎሄክሴን ፖሊስታይሪኑን ብቻ፣ አሴቲክ አሲድ ደግሞ ፒኤምኤምኤውን ብቻ ያጥባል። ከመታጠቡ በፊትና በኋላ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (ገጹን በስል ጫፍ እየዳሰሰ ከፍታውን በሚለካ መሣሪያ) ማየት ነው።

“ከላይ የሚወጣው በብዛት ያለው ነው።”
ብዛት ብቻውን አይወስንም። ወደ አየር የሚያዘነብለው የገጽ ጉልበቱ (ገጹን ለአየር ማጋለጥ የሚጠይቀው ጉልበት) ዝቅ ያለው ነው፤ ጥቂት ቢሆንም እንኳ። ሥሩ ያለው መስታወትም የራሱ ምርጫ አለው።

“ከደረቀ በኋላ አይለወጥም።”
በክፍል ሙቀት፣ እውነት ነው፣ ሰንሰለቶቹ ድርቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በደንብ በላይ ሲሞቁ ግን መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ትንንሾቹ ክፍሎች እየተዋዋጡ ይተልቃሉ።

“መለያየት ሁልጊዜ ጉዳት ነው።”
እንዲያውም ሆን ተብሎ ይፈለጋል። ፖሊስታይሪኑ ታጥቦ ሲወጣ ከብርሃን ሞገድ ያነሱ ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለው ሽፋን የመስታወትን ነጸብራቅ ይቀንሳል። በፕላስቲክ የፀሐይ ሴሎችም ብርሃን የሚያነቃው ጉልበት የሚጓዘው 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። ክፍሎቹ ከዚያ በጣም ከተለቁ ጉልበቱ የሁለቱ ቁሶች ድንበር ላይ ሳይደርስ ይባክናል፤ ፈጽሞ ካልተለያዩ ደግሞ ኤሌክትሪኩ መውጫ መንገድ ያጣል።