ሰርቨሩ አፕግሬድ ሲደረግ ቁልፋችን ሞተ? ስለ ኦፕን ኤስኤስኤች የሚወራውና እውነታው

ሌሊት ሰርቨሩ አፕግሬድ ይደረጋል። ጠዋት ፋይል አልሄድ ይላል። ከዚያ ወሬው ይጀምራል። ብዙ ሰርቨሮች በተመሰጠረ መንገድ የሚገናኙበትና ፋይል የሚለዋወጡበት ፕሮግራም፣ ኦፕን ኤስኤስኤች፣ ባለፉት ዓመታት የጣለውም የጨመረውም ነገር አለ። የሚወራው ግን ሌላ ነው።

«የአርኤስኤ ቁልፍ ቀርቷል፤ ሁሉም አዲስ ያውጣ»

ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁት! አርኤስኤ በይለፍ ቃል ፋንታ ሰርቨር ውስጥ የሚያስገባ አንድ የቁልፍ ዓይነት ነው፤ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2021 የወጣው ሥሪት 8.8 የዘጋው ቁልፉ ማንነቱን ለማረጋገጥ በሻ-1 በሚባለው የድሮ ስሌት የሚፈርመውን ፊርማ ነው። ሻ-1 ደግሞ ከተሰበረ ቆይቷል። ቁልፍና ፊርማ ለየቅል ናቸው። ሰው ግራ የሚጋባው በስማቸው ነው፤ ቁልፉም አሮጌው ፊርማም «ኤስኤስኤች-አርኤስኤ» ይባላሉ። ያው የድሮ ቁልፋችሁ በሻ-1 ተተኪ፣ በሻ-2፣ መፈረም ይችላል። ሁለቱም ወገን ሻ-2ን ካወቁ ራሳቸው ይስማማሉ፤ እናንተ ምንም አትነኩም። ኦፕን ኤስኤስኤች ይህን ከ2016ቱ 7.2 ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ ግንኙነቱ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከማዶ ያለው ያረጀ ፕሮግራም ነው። ሃምሳ ሰው ቁልፍ ቀይር ብሎ ከማስጨነቅ እሱን ማደስ ይቀላል። የማይታደስ ዕቃ ከሆነስ? ለዚያ አድራሻ ብቻ አሮጌውን ፊርማ ፍቀዱ። ለሁሉም መክፈት ግን ስንፍና ነው።

«ኤስሲፒ ተሰርዟል»

ኤስሲፒ ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚቀዳ ትዕዛዝ ነው፤ አሁንም አለ። የተቀየረው ከሥሩ ያለው ነው። ከኤፕሪል 2022ቱ 9.0 ወዲህ ኤስሲፒ ፋይሉን የሚያጓጉዘው በኤስኤፍቲፒ (በሌላ የፋይል ማጓጓዣ ፕሮቶኮል) ነው። ድሮ የፋይሉን ስም ከማዶ ያለው ሼል (ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ይተረጉመው ነበር። ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ጥቅስ በጥቅስ ላይ መደረብ ግድ ነበር። አሁን ይህ ጣጣ የለም። ጉዱ የሚመጣው ጥቅስ የደራረቡ የድሮ ስክሪፕቶች ላይ ነው። ፋይሉ ቦታው ተቀምጦ «የለም» ይላሉ። ትርፉን ጥቅስ አውጡት። ሰርቨሩ ኤስኤፍቲፒ ከሌለው ደግሞ ትዕዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን ኦ (-O) ጨምሩ፤ በድሮው መንገድ ይሄዳል።

«ኤስኤፍቲፒ ማለት ኤፍቲፒ ተመስጥሮ ነው»

አይደለም፤ ኤፍቲፒ የድሮው ፋይል መላኪያ ፕሮቶኮል ነው፤ እሱ ሲመሰጠር ኤፍቲፒኤስ ይባላል። ኤስኤፍቲፒ በኤስኤስኤች ውስጥ የሚሄድ ሌላ ፕሮቶኮል ነው። በተለምዶ ፖርት 22 ብቻ ይበቃዋል። ፋየርዎል ላይ የኤፍቲፒን ፖርቶች ከፍቶ «አልሠራም» የሚል አድሚን አይጠፋም።

«ዲኤስኤ ቢዘጋም በኮንፊግ ይከፈታል»

ዲኤስኤ ሌላ የድሮ የቁልፍ ዓይነት ነው፤ ይከፈት የነበረውም ድሮ ነው። በ2015ቱ 7.0 ሲዘጋ የፈለገ መልሶ ይከፍተው ነበር። ኤፕሪል 2025 በወጣው 10.0 ግን ኮዱ ራሱ ወጥቷል። የዲኤስኤ ቁልፍ የያዘ ሰው፣ እሱ በእውነት አዲስ ያውጣ።

«ከ9 ወደ 10፣ ቁጥር ነው እንጂ ምን ይመጣል?»

ቁጥሩ ራሱ ይመጣል። የሥሪቱን የመጀመሪያ አሃዝ ብቻ የሚያነብ ስክሪፕት 10ን 1 ብሎ ይወስደዋል። ሰርቨሩ በአንድ ሌሊት ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ብሎ ያምናል ማለት ነው።